የምግብ ሳይንስ ማስተርስ፤ ለጎጃም ምሩቅ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ድንች ከመሬት በሚወጣበት ሰሞን ከሲናን፣ ከጎዛምንና ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉ ቀበሌዎች በአህያና በጋሪ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው ምርት ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ገበሬው የጫነውን መልሶ ይዞ ላለመሄድ በተሰጠው ዋጋ ጥሎ ይመለሳል። ጥቂት ወራት አልፎ ያው ድንች ሲወደድ ገበሬው ሻጭ መሆኑ ቀርቶ ገዢ ሆኖ ይመጣል። በመካከሉ ያለው ትርፍ የሚገባው ማቆየት ለቻለ ሰው ነው። ድንችን ማቆየት ደግሞ መጋዘንና ገንዘብ ብቻ የሚፈቱት ጉዳይ አይደለም። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ መልክ እያወጣ ይመርራል፤ ሶላኒን የተባለው መርዝም ይበዛበታል። ከሚገባው በላይ ከቀዘቀዘ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ሲጠበስ ይጠቁራል። ከሞቀ ደግሞ ያቆጠቁጣል። ይህን በቁጥር ለይቶ የሚያውቅ፣ በስንት ዲግሪና በምን ያህል እርጥበት ስንት ወር እንደሚቆይ የሚናገር ሰው የምግብ ሳይንስ የተማረ ሰው ነው።

በዚሁ ገበያ መካከል ሥራ ፍለጋ ማመልከቻ ይዞ የሚያልፍ ወጣት አይጠፋም። ምናልባት በምግብ ቴክኖሎጂ፣ ምናልባትም በኬሚስትሪ ወይም በእርሻ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዟል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግድ የሆነውን የመውጫ ፈተናም አልፏል። ሥራው ግን አልተገኘም። ቤተሰብ ሲመክር «ልጄ፣ እንግዲያውስ ሁለተኛውን ጨርሰህ ና» ይላል። ጓደኛም እንደዚያው ይላል። ወጣቱ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ወስዶ በአንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለምግብ ሳይንስ ማስተርስ ለመመዝገብ ያስባል።

ነገሩ በትምህርት ገጽ ሳይሆን በገበያ ገጽ ሊታይ የሚገባው ነው። ማስተርስ እንደማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ አለው፤ የሚገዛው መኖሩም መጣራት አለበት።

በቅድሚያ ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ያሻል። የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ በብዙ ሰው አፍ አንድ ናቸው። አይደሉም። ሥነ ምግብ ምግቡ ከተበላ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን፣ የሕፃናትን መቀንጨርና የእናቶችን ደም ማነስ ያጠናል፤ ምሩቁን በብዛት የሚቀጥሩትም የጤና ቢሮዎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ናቸው። የምግብ ሳይንስ ግን ምግቡ ከማሳ ወጥቶ አፍ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ይመለከታል። ኬሚስትሪው፣ ጀርሙ፣ ማድረቂያው፣ ወፍጮው፣ ማሸጊያው ሁሉ የእርሱ ነው። ቀጣሪው በዋናነት ፋብሪካና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ያለው ክፍል ወደ ሥነ ምግቡ ያደላል። በባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የኬሚካልና የምግብ ምሕንድስና ፋኩልቲ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ያደላል። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎችም ሁለቱ በተለያየ መጠን ተቀላቅለው ይሰጣሉ። የስሙን መመሳሰል አይቶ የተመዘገበ ተማሪ በሁለተኛው ሴሚስተር «እኔ የፈለግሁት ይህን አልነበረም» ቢል ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲው ብቻ አይሆንም።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በ24 ወር ሲባዛ ግብር ሳይነሳ 276,000 ብር ይሆናል። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ትቶ ቢማር የሚያጣው ይህንን ነው። በግሉ ከፍሎ የሚማር ከሆነ የትምህርት ክፍያው፣ የቤት ኪራዩና የምግቡ ወጪ በላዩ ይደመራል። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደረስ ደግሞ የኬሚካልና የናሙና ምርመራ ወጪ አለ። ይህ ወጪ መጀመሪያ ሲታሰብ የማይታይ፣ መጨረሻ ላይ ግን ወገብ የሚሰብር ነው። ከብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ምን ያህል እንደሚከብድ ለነጋዴ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሥራ የሌለው ወጣት ግን ሒሳቡን በሌላ መልኩ ይሠራዋል። የሚተወው ደመወዝ ስለሌለ ሁለቱ ዓመታት በነጻ የሚገኙ ይመስሉታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሚያጣው ደመወዝ ባይሆንም ልምድ ነው። አንዱ ምሩቅ በቀጥታ ወደ ማስተርስ ቢሄድ፣ ሌላው በአነስተኛ ደመወዝም ቢሆን በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ቢገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የፋብሪካ ባለቤት የትኛውን ይመርጣል? የጎጃም ባለፋብሪካ መልሱን አያመነታም። «ወንድሜ፣ ወረቀትህ ጥሩ ነው፤ ማሽን ሲቆም ግን ምን ታደርጋለህ?» ይለዋል።

ባለፋብሪካው ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ለአንድ ሲኖትራክ ሚሊዮኖች ከፍሎ ዓይኑን የማያሽ ሰው፣ ለእህል እርጥበት መለኪያ የሚከፍለው ገንዘብ ይቆረቁረዋል። እርጥበትን ዛሬም የሚለካው ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ነው። ጥርስ መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ የለመደ ነጋዴ እርጥቡን ከደረቁ በሚገባ ይለያል። ጥርስ መለየት የማይችለው 12 በመቶንና 14 በመቶን ነው። በመጋዘን ውስጥ ሻጋታ የሚነሳውና የማይነሳው ግን በዚህችው በሁለቷ መካከል ነው።

በአካባቢው ገበያ የለም ማለት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ የደብሊው ኤ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። የፊቤላ ብቻ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ሲመረቅ ብዙ ሰው ጎጃም ዘይት ሊያጥለቀልቀው ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግብዓትና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ፋብሪካዎቹ ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ መቆየታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በአገር ደረጃ ከተመረጡት አራት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በቡሬ ካምፓስ ከፍቷል። ፓርክና ካምፓስ በአንድ ከተማ መገኘታቸው መልካም አጋጣሚ ነው። ጉርብትናው ወደ ንግድ ተለውጧል ወይ ቢባል ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሕጉም ገበያ ፈጥሯል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አምራቹን ለምርቱ ደኅንነት ተጠያቂ ያደርጋል። የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ፣ በብረትና በዚንክ፣ የምግብ ዘይትን ደግሞ በቫይታሚን ኤ እና ዲ ማበልጸግ በ2014 ዓ.ም. አስገዳጅ ደረጃ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ማለት አንድ ዱቄት ፋብሪካ በቶን ዱቄት ውስጥ በግራም የሚቆጠር ድብልቅ እኩል እንዲዳረስ ማድረግ አለበት ማለት ነው። አንዱ ከረጢት ውስጥ በዝቶ ሌላው ውስጥ ጨርሶ ካልተገኘ ሕጉ ተከብሯል አይባልም። ይህን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው ማስተርስ ያስፈልገዋል ወይ? ለዕለት ተዕለቱ ቁጥጥር አያስፈልገውም። ጥሩ የመጀመሪያ ዲግሪና ሦስት ወር ሥልጠና ይበቃዋል።

ስለ ማስተርስ ሲወራ ከሁሉ የሚዘነጋው ይኸው ነው። ፋብሪካዎቻችን ዛሬ ከሚያጋጥማቸው ችግር አብዛኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ዕውቀት የሚፈታ ነው። ንጽሕና፣ እርጥበት፣ ማሸጊያ፣ የቀን ጽሑፍ፣ የመዝገብ አያያዝ ናቸው። ለዚህ ማስተርስ መማር ለዶሮ ማረጃ ሰይፍ እንደ መሳል ነው።

ይሁንና ከዚያ ያለፉ፣ በጎጃም ብቻ ያሉ፣ ከመጽሐፍ ተገልብጠው የማይፈቱ ችግሮች አሉ። ማስተርስ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

ለምሳሌ ከፍታውን እንውሰድ። ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሽሮ ሲንተከተክ፣ ባቄላ አልበስል ሲል እናቶች ይህን ያውቁታል፤ ምክንያቱን ባይናገሩትም ማገዶውን ይጨምራሉ። መማሪያ መጽሐፎቹ ግን የተጻፉት በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። ማርማላታ በ104 ወይም በ105 ዲግሪ ሲደርስ ይውረድ የሚለውን መመሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ የተከተለ ሰው፣ ቴርሞ ሜትሩ እዚያ እስኪደርስ ሲጠብቅ ማርማላታው ከረሜላ ይሆንበታል። ጣሳና ጠርሙስ በፈላ ውሃ የሚታከምበት ጊዜም እንደዚሁ መራዘም አለበት። ካልተራዘመ ጉዳቱ ከኪሳራም ያልፋል፤ ሰው ሊታመም ይችላል።

ከፍታው የሚነካው ሌላም አለ። ያለ ጊዜው የሚጥል የኅዳር ዝናብ የደረሰ ስንዴን በማሳው ላይ እያለ ያበቅለዋል። ፍሬው ውስጥ ስታርች የሚበላ ኤንዛይም ይነሳል፤ ከዚያ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ መሐሉ እየተለነቀጠ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ በዓለም የታወቀ አንድ ምርመራ አለ፤ ፎሊንግ ነምበር ይባላል። ዱቄትና ውሃ በመስታወት ቱቦ ተበጥብጦ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያም አንዲት ዘንግ ወፈር ባለው ገንፎ ውስጥ ለመስጠም የፈጀችው ሴኮንድ ይቆጠራል። ቶሎ ከሰጠመች ስንዴው ተጎድቷል። ምርመራው በሚፈላ ውሃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከፍ ባለ ቦታ ውጤቱ ይዛባል፤ ማስተካከያ ይፈልጋል። ማሽኑን ከውጭ አስመጥቶ የሚወጣውን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው በ2,400 ሜትር ላይ ቁጥሩን በትክክል መተርጎም አይችልም። የሚተረጉም ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ፎሊንግ ነምበር ሲነሳ ጤፋችን ትዝ ማለቱ አይቀርም። ጎጃም የጤፍ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝሐ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘረ መል ስምምነት ፈረመ። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ የፓተንት ባለቤት ሆነ። ፓተንቱ ጤፍን አዲስ ዝርያ አድርጎ አላቀረበም። የያዘው የጤፍን ዱቄት ነበር፤ ጤፉ በሚፈጭበት ጊዜ ፎሊንግ ነምበሩ ቢያንስ 250 የሆነ ዱቄት ከእርሱ የሚሠራው ምግብ ሁሉ የኩባንያው ነው የሚል ዓይነት። በቀላል አማርኛ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ተቀምጦ ቢፈጭ ዱቄቱ ይሻላል ማለት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ስም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል በማለት በሆላንድ ውድቅ አደረገው።

በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የተቆጣው ሆላንዶች ጤፋችንን ሰረቁን ብሎ ነው። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተወሰደው ጤፉ ሳይሆን በጤፉ ላይ የተደረገ ልኬት መሆኑን ልብ ያለ ጥቂት ነው። በጎተራ የከረመ እህል ሲፈጭ የሚያሳየውን ጠባይ ከጎጃም ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። በሴኮንድ የለካውና የጻፈው ግን ሌላ ነው። የጎጃምን የዝናብ ወቅት፣ የጎተራ ዓይነትና የጤፍ ዝርያ ይዞ አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነበር። ዛሬም ይችላል።

ከሚሠሩት የማስተርስ ጽሑፎች ውስጥ ግን ብዛት ያላቸው በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። አንዱ ጥራጥሬ ከሌላው ጋር በተለያየ መቶኛ ይደባለቃል፤ ብስኩት ወይም የሕፃናት ገንፎ ይሠራል፤ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና አመዱ ይለካል፤ በተማሪዎች ይቀመስና «ተወዳጅ ነው» ይባላል። ከዚያ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ብስኩቱን ገበያ ላይ ያየው የለም። ይህ መቀለጃ እንዳይመስል፣ መንገዱ ራሱ በአገራችን አንድ ጊዜ ፍሬ አፍርቷል። በ1950ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም የሠራው ፋፋ ዛሬ የምርት ስም ከመሆን አልፎ በብዙ እናቶች አፍ የሕፃን ገንፎ ዱቄት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ልዩነቱ ፋፋ ገና በቤተ ሙከራ እያለ ወፍጮ፣ ማሸጊያና ገዢ የታሰበለት መሆኑ ነው። እንጀራም ሌላ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በቀናት ውስጥ የሚሻግት እንጀራ በተመጠነ ማቆያ ኬሚካል እስከ 12 ቀን ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል። እንጀራ በአውሮፕላን ለሚልክ ነጋዴ ይህ ቁጥር ገንዘብ ነው።

ለጎጃም የቀረበ ሌላ ጉዳይ አለ። ቡሬና አካባቢው የበርበሬ አገር ነው። በርበሬ እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የሚያርከፈክፉበት ነጋዴዎች እንዳሉ ገበያው ያውቃል። እርጥብ በርበሬ ደግሞ አፍላቶክሲን ለሚያመነጨው ሻጋታ የተዘጋጀ ማሳ ነው። በአዲስ አበባ በሚሸጥ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይህ መርዝ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 10 ማይክሮ ግራም ነው። ቁጥሩ ለነጋዴ ካልተተረጎመ ትርጉም የለውም፤ በ1,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነገር የብዙ መኪና ጭነት ከወደብ ያስመልሳል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ሲገኝ ጣት የተቀሰረው ላሞቹ በሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ኑግ ደግሞ የጎጃም ነው። ዘይቱን የሚጨምቅ ሰው ፋጉሎውን የት እንዳስቀመጠ የሚጠይቀው እስከሌለ ድረስ ወተቱ ላይ ያለው ችግር ከምንጩ አይደርቅም።

እንግዲህ ያ ወጣት ምን ያድርግ? ማስተርሱ ያዋጣል፤ ግን ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ አይደለም። ሥራ ስላጣ ብቻ መመዝገብ ሥራ አጥነትን በሁለት ዓመት ማሸጋገር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠብቀው ያው ገበያ ነው፤ ብቻ በዕድሜ የገፋና ከፍ ያለ ደመወዝ የሚጠብቅ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት በሚከፈቱበት ዘመን ማስተርስ የያዘ ሰው ሁሉ መምህር ይሆን ነበር። ያ በር እንደ ዱሮው ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። በአንጻሩ አንድ ሁለት ዓመት በፋብሪካ፣ በወተት ማኅበር ወይም በመጋዘን ሠርቶ፣ መልስ ያጣበትን አንድ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰው ትምህርቱን በሌላ ዓይን ያየዋል። ዩኒቨርሲቲ ከመምረጡ በፊትም አዳራሹን ሳይሆን ቤተ ሙከራውን ሄዶ ቢያይ ይበጀዋል። ማሽኑ አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ይሠራል ወይ፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል፣ ያለፈው ዓመት ተማሪ ናሙናውን የት ወስዶ አስመረመረ ብሎ መጠየቅ ነው። የጥበቃ ሠራተኛውን እንኳ ቢጠይቅ የማያገኘው መልስ የለም።

ውጭ የሚሰጥ ዕድል ካገኘስ? በቤልጂየም የሌቨንና የጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች በጋራ ሲሰጡት የኖሩት የምግብ ቴክኖሎጂ ማስተርስ በሙያው የታወቀ ነው። ያገኘ ይሂድ። ግን ጮቄ እዚያ የለም፤ 92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃም የለም። የሚማረው ዘዴ ነው፤ ጥያቄውን ከዚህ ይዞ ካልሄደ የሚመለሰው የሌላ አገር ጥያቄ መልስ ይዞ ነው።

ከባለፋብሪካዎቹ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። አንድ የዱቄት ወይም የዘይት ፋብሪካ የአንድ ተማሪን የኬሚካል ወጪ ቢሸፍንና ጥሬ ዕቃውን ለናሙና ቢሰጥ፣ ከአንድ አማካሪ ድርጅት በብዙ እጥፍ የሚገዛውን መልስ በርካሽ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹም የመመረቂያ ርዕስ ከማጽደቃቸው በፊት ገዢው ማን ነው ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ሳይንስ ለገበያ ብቻ ይሠራ ማለት አይደለም፤ ጓያን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ ማጥናት ማንንም ባለሀብት አያደርግም፣ እግር ግን ያድናል። ለዚያ ገዢው መንግሥት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የወቅቱን ሁኔታ ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ትምህርት ሲስተጓጎል የቆየበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ተብሎ የተጀመረ ማስተርስ ሦስትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ወጪውም አብሮ ያድጋል። ከላይ የተሠራው የ276,000 ብር ሒሳብ ሰላም ያለበት አገር ሒሳብ ነው። ወጣቱም ቤተሰቡም ይህን አውቀው ቢገቡበት ይሻላል። በሌላ በኩል መንገድ በተዘጋ ቁጥር የአካባቢ ዕውቀት ዋጋው ይጨምራል።

ኅዳር ላይ ዝናብ የመታውን ስንዴ የገዛ አንድ የደብረ ማርቆስ ባለወፍጮን ማሰብ ነው። ስንዴው ለዳቦ ይሁን ለመኖ ለማወቅ ናሙናውን ወደ ባሕር ዳር ወይም የዓባይን በረሃ አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። መኪናው አንድ ቦታ ይቆማል፤ ሾፌሩ ይደውላል፤ ነገ ይባላል። ውጤቱ ተመልሶ እስኪመጣ ስንዴው ተፈጭቷል፣ ዱቄቱ ተሸጧል፣ ዳቦ ቤቱ «ዱቄትህ ምን ሆነ?» እያለ በሩን እያንኳኳ ነው።